ደጅ ስንጠና የቀኑ ሥራ ምንድን ነው?

«እግዚአብሔር በጊዜው ያደርገዋል» የማንለው ሰው የለም። ሥራ ላጣ ወጣት፣ ትዳር ለዘገየባት እህት፣ ልጅ ላላገኙ ባልና ሚስት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለሚጠብቅ ስደተኛ ሁሉ ይኼንኑ እንላለን። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየው ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። እስከዚያ እንዴት ይጸለያል? ሱባኤ መቼና እንዴት ይያዛል? ስዕለቱስ ምን ያህል ቢሆን ነው? ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማነስ ነው ወይስ አይደለም?

ደጅ ጠንተው ያገኙትንም፣ ጠንተው የቀረባቸውንም፣ አሁንም እየጠኑ ያሉትንም በቅርብ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል። ቀነ ገደብ የሚቆረጠው ለራስ ሥራ ነው፤ ለእግዚአብሔር ቀን አይቆረጥለትም። አብዛኞቻችን የምንስተው ይህን ገልብጠን ስለምንይዘው ነው። ለእግዚአብሔር «እስከ ፋሲካ» ብለን ቀን እንቆርጣለን፣ የራሳችንን ሥራ ደግሞ «እሱ ያውቃል» ብለን እንተወዋለን። ፋሲካ ያልፋል፤ ሥራው አልተሠራም፣ ልባችንም በእግዚአብሔር ላይ ይሻክራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ጸሎት እንኳ አይደለም፤ የሚጠበቀውን ነገር መለየት ነው። አንድ ደብተር ይገዛና አንድ ገጽ ላይ ጉዳዩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። «ሕይወቴ እንዲስተካከል» አይባልም፤ ይህ መቼ እንደተመለሰ እንኳ አይታወቅም። «በሙያዬ ቋሚ ሥራ እንዳገኝ» ይባላል። ከሥሩ ገጹ በሦስት ይከፈላል፦ የእኔ ሥራ፣ የሌላ ሰው ውሳኔ፣ የእግዚአብሔር ብቻ።

በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ገጿ ምን እንደሚመስል እንይ። በእሷ ሥር የሚገባው፦ የትምህርት ማስረጃዋን አሟልታ ኮፒ ማዘጋጀት፣ በሳምንት ሁለት ቦታ ማመልከት፣ ሒሳብ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር መለማመድ፣ የሚያውቋትን አምስት ሰዎች «ሥራ እየፈለግሁ ነው» ብሎ ማስታወቅ። (ይቺ የመጨረሻዋ ብዙዎችን ታሳፍራለች። ለእግዚአብሔር ነግረው ለአጎታቸው ሳይነግሩ ዓመት የሚቀመጡ አሉ።) በሌላ ሰው ውሳኔ ሥር የሚገባው የፈተናውና የቃለ መጠይቁ ውጤት ነው፤ እዚህ ላይ የእሷ ድርሻ ማስገባትና አንዴ ጠይቆ መምጣት ብቻ ነው። የእግዚአብሔር ብቻ በሚለው ሥር የሚቀረው እንጀራዋ የትና መቼ እንደሚሆን ነው። ለመጀመሪያው ዓምድ ቀን ይጻፍበታል። ለሁለተኛው «ከዚህ ቀን በኋላ ደውዬ እጠይቃለሁ» ይባላል። ሦስተኛው ላይ ምንም ቀን አይጻፍም፤ እሱ ለጸሎት ነው።

ገጹን በወር አንዴ ማየት ይበቃል። ከሚወዱት ወርኃዊ በዓል ጋር ማያያዝ ለማስታወስ ይረዳል፤ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም ቅዳሴ ደርሰው ሲመለሱ ቁጭ ብለው ያነቡታል። በየቀኑ የሚያየው ሰው ግን ይጨነቅበታል እንጂ አይጠቅመውም።

ይህ ዓይነት አጠባበቅ የሥጋ ብልሃት የሚመስለው ካለ ነህምያን ያንብብ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ለሚያገለግለው ለፋርስ ንጉሥ የተናገረው በኒሳን። በመካከሉ አራት ወር ገደማ አለ። በዚያ ጊዜ ጾመ፣ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው እዚያው ቆሞ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና መልሱን ሰጠ፦ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ፣ ከወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች ደብዳቤ እንዲጻፍለት፣ የንጉሡን ደን ለሚጠብቀው ለአሳፍ ደግሞ ለበሮቹ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው የሚያዝ ሌላ ደብዳቤ። የእንጨቱ ጠባቂ ስም ሳይቀር ያውቃል! አራቱን ወር በልቅሶ ብቻ ያሳለፈ ሰው ይህን ሊመልስ አይችልም። በሩን የከፈተው እግዚአብሔር ነው፤ ነህምያ ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ ተገኘ።

ጥበቃው ረጅም ለሚሆንበት ሰው፣ በተለይ በስደት ላለ፣ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 እና 29 አብረው ይነበቡ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን የምዕራፍ 29 ቁጥር 11 በየግድግዳው ሰቅለነዋል፤ ከእሱ በላይ ያለውን ቁጥር 10 ግን የሚያስታውስ የለም፤ እዚያ ላይ የተጻፈው 70 ዓመት ነው። ያኔም ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ይመለሳል» ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ግን እንዲህ የሚል ነው፦ ቤት ሥሩ ተቀመጡበት፣ አትክልት ተክሉ ፍሬዋንም ብሉ፣ አግቡ ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። በቤይሩትና በጅዳ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ወረቀቱ እስኪመጣ ሻንጣውን ሳይፈታ ዓመታት የሚቆጥር ወገን ብዙ ነው። ቋንቋ አልተማረም፤ «ልሄድ ነው» ብሎ። ሙያ አልያዘም፤ «ወረቀቴ ይምጣ» ብሎ። ንስሐ አባት እንኳ አልያዘም፤ «ቦታዬ ሲታወቅ» ብሎ። ደብዳቤው የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ጥበቃው ራሱ የሚኖርበት ዘመን ነው። በዚያ ሳምንት የቋንቋ ትምህርት መመዝገብና በአቅራቢያ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን መፈለግ ከእምነት የሚቆጠር ሥራ ነው።

እግዚአብሔርን «ማገዝ»

ከራስ ድርሻ አልፎ የእግዚአብሔርን ሥራ ወደ መንጠቅ የሚኬድበት መስመር ቀጭን ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። አጋርን ያገባው በከነዓን 10 ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ እስማኤል ሲወለድ 86፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ሆኖታል። የሣራ አሳብ በጊዜው ልማድ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም ብልህ ምክር ይመስል ነበር። ችግሩ ማንም እግዚአብሔርን አለመጠየቁ፣ ዋጋውንም አጋርና ልጇ መክፈላቸው ነው። ሳኦል ደግሞ በጌልገላ ሳሙኤልን ሰባት ቀን ጠበቀ። ሕዝቡ ሲበተንበት መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበ፤ ገና አቅርቦ ሲጨርስ ሳሙኤል መጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ሳኦል ግን መልቀሙም አልሆነለት፣ መንግሥቱ አልጸናም።

ታዲያ «ድርሻዬን እየተወጣሁ ነው» የሚያሰኘውና «እያገዝሁ ነው» የሚያሰኘው እንዴት ይለያል? አራት ጥያቄ ይበቃል። ውሸት ይጠይቃል? ሌላ ሰው ይጎዳበታል? ለንስሐ አባቴ ለመንገር አፍራለሁ? ካደረግሁት በኋላ መመለስ አይቻልም? ለአንዱ እንኳ «አዎ» የሚል መልስ ካለ ቆም ማለት ነው። ለቪዛ ሲባል የወረቀት ጋብቻ፣ የሌላ ሰው የትምህርት ማስረጃ፣ ቤት አስይዞ ለደላላ የሚሰጥ ገንዘብ፣ ዕድሜዋ ስለገፋ ብቻ የማትወደውን ማግባት፣ ሁሉም እዚህ ይያዛሉ። በተለይ የመጨረሻው። «ይኼን ካለፍሁ ሌላ አይመጣም» የሚል ፍርሃት የእግዚአብሔር ድምፅ ሆኖ የሚሰማበት ጊዜ አለና በፍርሃት ቀን ትዳር አይወሰንም።

ጸሎቱ በልክ ይሁን

በመጀመሪያው ሳምንት ሰማይን የሚያንኳኳ፣ በሦስተኛው ሳምንት የተወ ሰው ስንት ነው! ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክህደት ሳይሆን ከአቅም በላይ መጀመር ነው። ዳዊት በሳምንት ይደገማል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልይ። ይህ ለለመደው ነው። ከዚህ በፊት ዳዊት ደግሞ የማያውቅ ሠራተኛ ሰው ከሰኞ ጀምሮ 30 መዝሙር ልድገም ካለ ዓርብ ላይ ይቆማል፤ ከዚያም «እኔ አልረባም» ብሎ ጭራሽ ይተወዋል። የዘወትር ጸሎትን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና ሁለት ወይም ሦስት መዝሙር ይዞ ዓመት መዝለቅ ይሻላል። አውቶቡስ ውስጥም ቢሆን፣ ሕፃን እያስተኙም ቢሆን።

የጸሎቱ ቅደም ተከተልም ይጠቅማል። ምስጋና ይቅደም፤ ቀጥሎ ስለሌላ ሰው፣ በተለይ ተመሳሳይ ነገር ስለሚጠብቅ ሰው ይለመን፤ የራስ ጉዳይ በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይነገር፤ መጨረሻው «ፈቃድህ ይሁን» ነው። የራሱን ጉዳይ ግማሽ ሰዓት የሚያብራራ ሰው ሲጨርስ ከጀመረበት የበለጠ ተጨንቆ ይነሣል። እየጸለየ ሳይሆን እያሰላሰለ ነበርና።

ሐናን እዚህ ላይ ማየት ጥሩ ነው። በየዓመቱ ወደ ሴሎ ትወጣለች፣ በየዓመቱ ጣውንቷ ታስቆጣታለች፣ እህል አልቀምስ ብላ ታለቅሳለች። አንድ ዓመት ላይ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች፤ ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መሰለው፤ ኋላ ግን በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት። ከዚያ በላችና ፊቷ ከእንግዲህ አላዘነም ይላል። ልብ በሉ፤ ገና አልፀነሰችም። የተለወጠው ጉዳዩ አልነበረም፤ ሸክሙን አስቀምጣ መሄዷ ነው። ጸሎቱ አደራ ሆኖ መሰጠቱ በቀላሉ የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ ከተነሡ በኋላ ምሳ ይበላል ወይ? እንቅልፍ ይወስዳል ወይ?

ሱባኤና ስዕለት

ሱባኤ ለመያዝ የሚመቸው ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምትጾምበት ወቅት ነው። የነነዌ ጾም 3 ቀን ነው፤ አዲስ ጀማሪ ከዚያ ይጀምር። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ናት፤ ሌሊቱ ሰዓታት፣ ማለዳው ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ቀኑ ቅዳሴ ስለሆነ ብቻን የሚታገሉበት አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሙሉውን በአንድ ልመና ላይ ማያያዝ ግን አይመከርም፤ ጾሙ የጌታ እንጂ የእኛ ጉዳይ ማስፈጸሚያ አይደለም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾምና ስግደት የለም፤ በእነዚህ ቀናት ሱባኤ የጀመረ ሰው ንስሐ አባቱን ሳይጠይቅ የጀመረ ነው።

ንስሐ አባት ዘንድ ሲኬድ አጠር አድርጎ አራት ነገር መንገር ነው፦ ጉዳዩ ምንድን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስካሁን ምን አደረግሁ፣ ምን ለማድረግ እየተፈተንሁ ነው። አራተኛው ዋናው ነው፤ እሱን ደብቆ የሚሄድ ሰው ምክር ሳይሆን ቡራኬ ብቻ ይዞ ይመለሳል። የስግደቱን ቁጥርና የጾሙን ሰዓት እሳቸው ይወስናሉ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ስኳር ያለበት፣ በየሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት መጾም ላይችል ይችላልና አስቀድሞ ይናገር። በሱባኤ መካከል ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ያተረፈው ነገር የለም።

ሱባኤው አልቆ መልስ ካልመጣስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሰበሩት። ሱባኤ መግባት እግዚአብሔርን ቀጠሮ ማስያዝ አይደለም። ዳንኤል ሦስት ሳምንት ጾሞ መልአኩ ሲመጣ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቃልህ ተሰምቶአል» አለው፤ 21ዱን ቀን ግን ዳንኤል ይህን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሱባኤው ሲያበቃ ወዲያው ሌላ አይጀመርም። ንስሐ ገብቶ፣ ሥጋውን ደሙን ተቀብሎ፣ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ቀጣዩ እስከሚቀጥለው ጾም ይቆያል።

ስዕለት ላይ የሚታየው ስሕተት ይበልጣል። ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ሲደርስ፣ ግሸን ማርያም መስከረም 21 ሲሆን የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ስዕለት ምን ያህል በደማችን እንዳለ ያውቃል። ጥሩ ነው። ሆኖም የጭንቅ ቀን ስዕለት ሚዛን የለውም። «ልጅ ከሰጠኸኝ መነኩሴ አደርገዋለሁ» የሚል አባት የሌላ ሰው ሕይወት ተስሏል። «መኪናዬን እሰጣለሁ» ያለ ሰው መኪናው የሚስቱም መሆኑን ረስቷል። መክብብ ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላል። ስለዚህ ስዕለቱ አሁን በእጅ ካለው ወይም ያለ ብድር ከሚገኘው ይሁን፤ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጥላ፣ መጋረጃ፣ የአንድ ቀን ጉልበት። ባለትዳር ከትዳር አጋሩ ጋር ይማከር። የተሳሉት በደብተሩ ላይ ከጉዳዩ ሥር ከነቀኑ ይጻፍ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ «ለሚካኤል ነበር ወይስ ለገብርኤል?» እያሉ የሚጨነቁ ሰዎች ትንሽ አይደሉም። ከአቅም በላይ የተሳለ ደግሞ በልቡ ይዞ ከሚፈራ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ካህኑ የሚያደርገው ሥርዓት አለ።

ጠበልና ሐኪም

ቁርጥ ያለ ነገር መናገር የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ጠበል ለመጠመቅ ሲባል የሐኪም መድኃኒት አይቋረጥም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ካቆሙት ቫይረሱ ተመልሶ ይነሣል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለምዶ 6 ወር ሳይጓደል ይወሰዳል፣ በመሐል ከተተወ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ለቤተሰብም ይተርፋል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል። «መድኃኒት የያዘ እምነት የለውም» የሚል አጥማቂ ካጋጠመ ጠበሉን ሳይሆን ሰውየውን መሸሽ ነው።

ልጅ ለሚጠብቁ ባልና ሚስት ደግሞ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ የሚጻፈው እነሆ። መከላከያ ሳይጠቀሙ 12 ወር አብረው ኖረው ካልተፀነሰ፣ ሚስት 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሐኪም ማየት ይገባል። ሁለቱም። ሚስት ከደብር ደብር ስትንከራተት፣ በየጠበሉ ስትጠመቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ባል አንድ ቀን የዘር ፈሳሽ ምርመራ አላደረገም። ይህ ምርመራ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ችግሩ ከወንድ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ቀላል አይደለም፤ «መካን» የሚለው ስም ግን ሁልጊዜ እሷ ላይ ይለጠፋል።

ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ሴት የምትፀንስባቸው ቀናት በወር ስድስት ገደማ ናቸው፤ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ከወር አበባዋ የመጀመሪያ ቀን ሲቆጠር እስከ 14ኛው ቀን ባሉት ላይ ይውላሉ። አጽዋማትን ሁሉ፣ ረቡዕና ዓርብን፣ በዓላቱንም ጨምረው የሚታቀቡ ባልና ሚስት በአንዳንዱ ወር እነዚህ ቀናት ሙሉ በሙሉ ያልፏቸዋል። ከዚያ «እግዚአብሔር ዘጋብን» ይላሉ። ይህን ለንስሐ አባት ሳያፍሩ መንገር ነው፤ በራስ ፈቃድ መሻርም፣ ዝም ብሎ ማዘንም አያስፈልግም። ሐዋርያው ባልና ሚስት ለጸሎት የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጊዜውም እንዲሆን አዝዟል።

ቀን የሚቆርጡና ወሬ የሚጠይቁ

«እስከ ጥር ታገቢያለሽ ተብሎ ታየኝ» የሚል፣ ከዚያም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው በየሰፈሩም በየስልኩም አለ። ጌታ ለሐዋርያቱ እንኳ አብ በገዛ ሥልጣኑ ያደረገውን ወራትንና ዘመናትን ማወቅ አልተሰጣችሁም ብሏል። ቀን የተቆረጠለት ሰው ቀኑ ሲያልፍ የሚያጣው ባሉን ወይም ሥራውን ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖቱንም ነው። ሕልም፣ መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ ገልጦ ጥቅስ ማንሣት፣ «ኮከባችሁ አይገጥምም» የሚል ኮከብ ቆጣሪ፣ ሁሉም ከአንድ ጥድፊያ ይወለዳሉ። ሳኦልም በመጨረሻ ጠንቋይ ቤት በሌሊት የሄደው እግዚአብሔር ዝም ሲለው ነበር።

ከሁሉ የሚያደክመው ግን የዘመድ ጥያቄ ነው። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፦ «ምነው ልጄ፣ አንቺስ መቼ ነው?» «ዘንድሮም ምንም የለም?» ማብራራት ውስጥ ከገቡ አያልቅም፤ የሚመልሱትም ነገ ሌላ ቤት ይሰማል። «እትዬ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ፤ ሲሆን ይሰማሉ» ብሎ ቡናውን መቀበል ይበቃል። አክብሮትም አለው፣ በሩንም ይዘጋል። በተረፈ ጉዳዩን በዝርዝር የሚያውቁ ሰዎች ከንስሐ አባት ሌላ ሁለት ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ አንዱ የሚያጽናና፣ አንዱ የሚገሥጽ። ጠያቂዎቹም ብንሆን ትንሽ እንፈር። ለሰባት ዓመት ልጅ የምትጠብቅ ሴት ክርስትና ቤት ስትመጣ የሚያስፈልጋት «አይዞሽ፣ ሣራም በ90 ዓመቷ ወልዳለች» የሚል ሰው አይደለም።

ቅናትም ይመጣል። ጓደኛ ሲዳር፣ ታናሽ እህት ስትወልድ። ስሜቱን ክዶ ከመሣቅ በንስሐ መናገርና ለዚያች ጓደኛ በስሟ ጠርቶ መጸለይ ይሻላል፤ በመጀመሪያ ቀን ከአፍ ብቻ ቢወጣም ይጸለይ። ሰርጉ ላይ ሙሉ ቀን መቆም ካልተቻለ ለጸሎቱና ለቡራኬው ደርሶ መሄድ ነውር አይደለም።

መልሱ «አይሆንም» ሲሆን

ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ፤ ሌላ ልመና አልተጻፈም። ዳዊትም ሕፃኑ እስኪሞት ድረስ ጾሞ መሬት ላይ ተኛ፤ ሲሞት ተነሣ፣ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ሰገደ፣ እንጀራም በላ። ሁለቱም ልመናቸውን በቁጣ አልተዉም፤ በሩ እንደተዘጋ አይተው ነው።

መዘጋቱ በምን ይታወቃል? አንዳንዱ ራሱ ይናገራል፦ ሰውየው ሌላ አገባ፣ ሐኪሙ ማኅፀኑ ወጥቷል አለ፣ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ይግባኝ ውድቅ አደረገ። የማይናገር ሲሆን ከንስሐ አባት ጋር የመገምገሚያ ቀን ይያዛል፤ ለምሳሌ በዓመቱ። ይህ ቀን ለእግዚአብሔር የተቆረጠ ሳይሆን «በዚህ መንገድ ልቀጥል ወይስ ሌላ ልያዝ?» ብለን ራሳችንን የምንጠይቅበት ነው። በዚያ ቀን ሦስቱ ዓምዶች ይነበባሉ። የእኔ ሥራ የሚለው ካልተሠራ መልሱ ገና ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይሠራ። ተሠርቶ ካለቀ፣ የሌሎቹም ውሳኔ «አይ» ከሆነ፣ አዲስ ገጽ ይገለጣል፤ ሌላ ሙያ፣ ሌላ አገር፣ ወላጅ የሌለውን ልጅ ማሳደግ፣ ወይም ብቻን በአገልግሎት መኖር። ማዘን ይፈቀዳል፤ ለሐዘኑም ጊዜ ይሰጠው።

ከሆነ ደግሞ፣ ጉዳዩ በተፈጸመ በአንድ ወር ውስጥ ስዕለቱ ይግባ፤ ቆይቶ የሚገባ ስዕለት የለም፣ ይረሳል። የተጻፈበት ገጽ ላይ «ተፈጸመ» ተብሎ ከነቀኑ ይመዝገብ። አብረው ይጠብቁ ለነበሩ ሰዎች የምሥራቹ በግል ይነገር እንጂ በማኅበሩ መካከል አይታወጅባቸው፤ በጸሎት ዝርዝር ላይም ስማቸው እንዳለ ይቆይ።